ሰው አለው

እሁድ ጠዋት ነው። ሰፈራችን አውቶቡስ ተራ የከተማ ባቡር ጣቢያ ከተሠራለት ሰንበት ብሏል፣ እኔ ግን ገና አልለመድኩትም። ባቡሩ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ አምስት ሰው ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሄደ። እኔ ትኬቴን ፍለጋ ኪሴን እየዳበስኩ ቀረሁ።

"ምን ያጣድፈዋል?" አልኩ ጮክ ብዬ። "ባዶውን እኮ ነው የሄደው! ትንሽ አይጠብቅም?"

አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ ይሄ ባቡር ነው። ሞላ አልሞላ ብሎ አይጠብቅም።"

ሁለት ነገር በአንዴ አመመኝ። አንደኛው "ጋሼ" መባሌ ነው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ "አሁንም አለሁ" ብዬ ነበር የወጣሁት። ሁለተኛው የባሰው ነው። ይህችኑ ቃል፣ ልክ ይህችኑ፣ ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ አውቶቡስ ተራው አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ብለውኛል። ያኔ ስቄባቸው ነበር። አሁን ግን ፊቴ ጋለ። የጎረምሳው ሳቅ አይደለም ያጋለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በወጣትነቴ እንጀራ የበላሁት መኪና እንዳይሄድ በማድረግ ነው።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰው ወደ ፈለገበት አገር ያለ ይለፍ ወረቀት መሄድ ጀምሯል፣ የግል አውቶቡስ በየቀኑ ይፈላል፣ አውቶቡስ ተራ ከንጋት ጀምሮ ይጮኻል። የእኔ ሥራ በዚህ ሁሉ መሀል መቀመጥ ነበር። ቀልዴን አይደለም፣ ሥራዬ መቀመጥ ነበር። ተሳፋሪ ባዶ አውቶቡስ አይወድም። ባዶ ሲያይ "ይሄ መቼ ሞልቶ ሊወጣ ነው?" ይልና ጎኑ ወዳለው ይዞራል። ስለዚህ ረዳቱ እኛን ስድስት ሰባት ሥራ ፈቶች ከነሻንጣችን እዚህም እዚያም ይበትነናል። ሰው በመስኮት ሲያየን "ሊሞላ ነው" ብሎ ይገባል። እውነተኛው መንገደኛ ሲበዛ እኛ አንድ በአንድ፣ አንዱ ውሃ ሊገዛ፣ አንዱ ሽንቱን ሊሸና፣ አንዱ ስልክ ሊደውል እየወረድን ላሽ እንላለን። አሟሟቂ ነበር የሚሉን።

የኮምቦልቻ መስመር አሟሟቂ ነበርኩ። በሳምንት ስድስት ቀን ወደ ኮምቦልቻ ተሳፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ ኮምቦልቻን አይቻት አላውቅም።

ጎበዝ ነበርኩ ደግሞ፤ ይሄን ስናገር እንኳን አፌ ላይ ትንሽ ኩራት ይቀራል፣ ምን ይሻለኛል። ሌሎቹ ሲቀመጡ አሟሟቂነታቸው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ከረዳቱ ጋር ይሳሳቃሉ። እኔ ጋቢ እደርባለሁ። ሰዓቴን እያየሁ እበሳጫለሁ። "ሹፌር፣ ኧረ በናትህ እንሂድ፣ መሸብን!" ብዬ የምጮኸው እኔ ነኝ። እውነተኞቹ መንገደኞች ደፋር ወንድም አገኘን ብለው ይደሰታሉ። ቡናማ ሻንጣ ነበረኝ፣ ውስጡ ከዱባይ ተራ የለቀምኳቸው ባዶ የጫማ ካርቶኖች ናቸው።

ሌላው መሣሪያዬ እናቴ ነበረች። ጎኔ ለሚቀመጠው ሰው ሁሉ "እናቴ ታማብኝ ልጠይቃት ነው" እላለሁ። የታመመች እናት ያለው ሰው ይታመናል። በአንድ ወር ውስጥ ልቧን፣ ኩላሊቷን፣ ሁለቱንም ዓይኗን አሳምሜያታለሁ። እሷ በዚያው ሰዓት መርካቶ በርበሬ በረንዳ ቁጭ ብላ ዛላውን እያገላበጠች ከደላላ ጋር ትሟገታለች፤ ድምጿ እስከ እህል በረንዳ ይሰማል። በዚያ ሁሉ በርበሬ ውስጥ ውላ እንኳን የማታስነጥስ ሴትዮ ነበረች።

ከበሩ ውጪ፣ አጥሩን ተደግፈው፣ በአንድ ትልቅ ጃንጥላ ሥር ሻንጣ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ። ዚፕ፣ እጀታ፣ ማንጠልጠያ፣ ምንም ይምጣላቸው ይሰፉታል። እንደ ሌሎቻችን ከመንገድ የመጡ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ለገሃር፣ በባቡር ላይ፣ ትኬት ተቆጣጣሪ ሆነው ነው። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት የኪስ ሰዓታቸውንና ፈረንሳይኛቸውን ነው። ከኋላቸው በፈረንሳይኛቸው እያሾፍን "ሙሴ" እንላቸዋለን፣ ከፊታቸው "ጋሼ"።

ጋሼ አንድ ታሪክ ነበራቸው። ወጣት ሳሉ ለስድስት ወር ትምህርት ፈረንሳይ አገር፣ አንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ ልከዋቸው ነበር። የከተማዋን ስም ሲጠሩ ግማሹ በአፍንጫቸው ስለሚወጣ እኛ መድገም አልቻልንም። እንደሳቸው አባባል ከተማዋ በፊት ኮረብታ ላይ ነበረች። ባቡሩ በሜዳው ሲያልፍ ሜዳው ላይ ጣቢያ ሠሩ። መጀመሪያ ዳቦ ጋጋሪው ከኮረብታው ወረደ፣ ከዚያ ሆቴሉ፣ ከዚያ ፖስታ ቤቱ፣ በመጨረሻ ኮረብታው ላይ ቤተ ክርስቲያኑና እግራቸው እምቢ ያላቸው ሽማግሌዎች ብቻ ቀሩ። ገበሬው አይቡንም ጥጃውንም በዚያ ጣቢያ ይልካል። ልጆቹን ወደ ጦርነት የሸኘው በዚያ ነው፤ ያልተመለሱት ስማቸው የጣቢያው ግድግዳ ላይ ተቀርጾላቸዋል። ከጣቢያው መግቢያ በላይ ትልቅ ሰዓት አለ፤ የከተማው ሰው ሁሉ ሰዓቱን የሚሞላው እሱን አይቶ ነው።

"የጣቢያው ኃላፊ አንድ ቀን ምን አደረገ መሰላችሁ?" ይላሉ፣ መርፌያቸውን አየር ላይ አቁመው። እኛ በቃላችን እናውቀዋለን፣ እንደማናውቅ እንሆናለን። "የገዛ እናቱ! እየሮጠች፣ ቅርጫቷን ይዛ፣ ከበሩ እስከ ባቡሩ አርባ እርምጃ ሲቀራት፣ ሰዓቱ ደረሰ። ፉጨቱን ነፋ። ባቡሩ ሄደ።"

"ኧረ ጨካኝ!" እላለሁ እኔ ሁልጊዜ።

"ጨካኝ አይደለም። ባቡሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ከወዲያ ጫፍ የሚጠብቀው ሰው አለው። ኃላፊው የሚያስበው ለዚያ ለማያየው ሰው ነው። ባቡር ሞላ አልሞላ ብሎ አይጠብቅም። እናንተ ግን ይሄን የሚያህል ግቢ አጥራችሁ፣ ይሄ ሁሉ መኪና ቆሞ፣ አንድ ሰዓት እንኳን የላችሁም። ይሄ ጣቢያ ነው?"

"ታዲያ ምንድነው ጋሼ?"

"ወጥመድ ነው።"

እንስቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጣቢያችንን እወደው ነበር። ድሮ ሰው ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄደው ከእህል በረንዳ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነው ይላሉ የቀድሞ ተሸካሚዎች። ኋላ ነው አጥሩ የታጠረው፣ በሩ የተበጀው። መርካቶ ውስጥ ያለው ሕዝብ ግማሹ በዚያ በር ነው የገባው። እናቴ ራሷ ከወልቂጤ ወዲያ መጥታ መጀመሪያ የረገጠችው የአዲስ አበባ መሬት የእሱ ጭቃ ነው። ጋሼ ከተማው ወደ ጣቢያው ወረደ ሲሉኝ ገርሞኝ አያውቅም፤ እኛም እኮ እንደዚያው ነን።

ያን ቀን ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ነው፣ ጠዋት። ሁለት የኮምቦልቻ አውቶቡሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ያኛው ሦስት ሰው ብቻ ነው የጎደለው፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ ሹፌሩ ተቀምጦ። የእኛ ግማሹ አሟሟቂ ነው። አንዲት ሴት በትልቅ የላስቲክ ቦርሳ ጎብጣ መጣች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ሻሿ እስከ ግንባሯ ወርዷል። ወደ ያኛው እየሄደች ነው። በመስኮት ብቅ አልኩ።

"እህት! ኮምቦልቻ?"

"አዎ።"

"ግቢ፣ ግቢ! አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው!"

ቆም አለች። "ያኛው አይቀድምም?"

"ያኛው? ባትሪው ሞቷል እኮ፣ ሊገፉት ሰው እየፈለጉ ነው።"

ሞተሩ ዱ ዱ ዱ እያለ ነው ይሄን የምላት። ሰው የሚጎትት አሟሟቂ ያን ቀን ምሳው ከረዳቱ ነው፣ ክትፎ እንኳን አይደለም፣ ሽሮ ነው። ለሽሮ ነው።

ገብታ ጎኔ ተቀመጠች። ላቧን ጠረገች። "በአላህ፣ እውነት ቶሎ ይወጣል? አባቴ በጣም ደክሟል። ትናንት ሱቅ ደውለው ነገሩኝ። ዛሬ መግሪብ ሳይደርስ እገባለሁ ብያቸዋለሁ።"

"እናቴ ትሙት፣ አሁን ነው የሚወጣው!"

እንዲያ ነው ያልኩት። ለማስተማመን ደግሞ ፊቴን አጨለምኩና "እኔም እናቴን ልጠይቅ ነው፣ ታማብኝ" አልኳት።

"አላህ ያሽርልህ። ምኗን ነው?"

ያን ቀን ተራው የጉበት ነበር። "ጉበቷን።"

ዞር ብላ እጇን ክንዴ ላይ አደረገች። ብዙ ሰው ጎኔ ተቀምጦ "አይዞህ" ብሎኝ ያውቃል፤ እንደዚያ የያዘኝ ግን የለም። ክንዴን ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ሰዓት የማይ መስዬ።

ያኛው አውቶቡስ ጥሩምባውን ነፍቶ ወጣ። "ሄደ እኮ!" አለች ብድግ ብላ።

"ገፍተው አስነስተውት ነው። ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ይቆማል፣ እናልፈዋለን።" ሳቅኩ። እሷም ለማክበር ያህል ፈገግ አለች።

ከዚያ ሰው መግባት ሲጀምር ረዳቱ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ተነሳሁ። "ውሃ ልግዛና መጣሁ።"

"ሂድ፣ ቦታህን እጠብቅልሃለሁ" አለች።

ሻንጣውን ትቼ ነው የወረድኩት፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ከነሻንጣህ ከወረድክ ሰው ይነቃብሃል። ረዳቱ ነው ኋላ ቀስ ብሎ የሚያወጣው። ከጋሼ ጃንጥላ ጎን ሻይ የሚያፈሉ ሴትዮ ነበሩ፣ እዚያ ተቀመጥኩ፣ ሌሎቹ አሟሟቂዎች ተሰበሰቡ፣ ወሬ ያዝን።

አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። ረዳቱ እየበረረ መጣ።

"ኧረ ያቺ ሴትዮህ ጉድ ሠራችኝ!"

"የቷ?"

"ጎንህ ያስቀመጥካት! ሁለት ቦታ ነው የቀረኝ፣ ያንተና ከፊትህ ያለው። ባልና ሚስት አምጥቼ ላስቀምጥ ስል 'ሰው አለው' አለችኝ። የለውም እላታለሁ፣ 'ሰው አለው፣ ውሃ ሊገዛ ወርዶ ነው፣ ይኸው ሻንጣው' ትለኛለች። ነጠላዋን አንጥፋበታለች። 'እናቱ ታማበታለች፣ ጥለነው ልንሄድ ነው ወይ?' ብላ ሕዝቡን አስነሳችብኝ። አሁን አውቶቡሱ በሙሉ 'ልጁ ይምጣ!' ነው የሚለው።"

በሳቅ ፈረስን። እኔ ራሴ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። የማይሄደውን ሰው አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ እየጠበቀው ነው!

"አትሳቅ!" አለኝ ረዳቱ። "ባልና ሚስቱ በሩ ጋ ቆመዋል። ሂድና 'ቀርቻለሁ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ' በላት። ሳንሞላ መውጫ ወረቀት አይፈረምልንም፤ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተፈረመልን ደግሞ ዛሬ መሄድ የለም፣ መንገድ ላይ ይመሽባችኋል ብለው አይለቁንም።"

ይሄ ነው እንግዲህ። በዚያች ደቂቃ የሚጠበቅብኝ ተነስቼ መሄድ ብቻ ነበር። ምንም ዓይነት ሰበብ ይበቃት ነበር። እናቴ ተሽሏት ተደወለልኝ ብላት ደስ ይላት ነበር።

አልተነሳሁም። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ክንዴን የያዘችበት እጇ ትዝ አለኝና ዓይኗን ማየት ከበደኝ። ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያየኝ ነው፤ አንዱ አራዳ "ይሄ እኮ ትናንትም ነበረ" ቢልስ? ደግሞ፣ ይሄን መናገሩ ነው የሚያሳፍረው፣ ጓደኞቼ እየሳቁ ነበር፣ ሳቁ የእኔ ነበር፣ ትቼው መሄድ አልፈለግኩም።

"እሺ፣ ይቺን ሻይ ልጨርስ" አልኩት።

ጋሼ ከመርፌያቸው ቀና አሉ። የኪስ ሰዓታቸውን አወጡ። "ሂድ ንገራት።"

"እሄዳለሁ ጋሼ።"

"ከዚህ እስከዚያ አርባ እርምጃ አይሞላም።"

"ጋሼ እርስዎ ደግሞ! ፉጨትዎን ይንፉልኛ!" አልኩ። እንደገና ተሳቀ። ሰዓታቸውን መልሰው ከተቱ።

ባልና ሚስቱ ደከማቸውና ሄዱ። ረዳቱ ሌላ ሰው ፍለጋ ወዲህ ወዲያ ሮጠ፣ በዚያ ሰዓት ግን የሩቅ አገር መንገደኛ አይገኝም። ሦስት ሰዓት አለፈ። ወረቀቱ አልተፈረመም። ሰው ሁሉ "ነገ በጠዋት ትሄዳላችሁ" ተብሎ እያማረረ መውረድ ጀመረ።

እኔ ይሄን ሁሉ አላየሁም። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ትርኢት ላይ ነበርኩ። ጋቢዬን እንደ ሻሽ ግንባሬ ላይ አስሬ፣ ባዶ በርጩማ ላይ እጄን ዘርግቼ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ በወሎ ዜማ "ሰው አለው! ወላሂ ሰው አለው! እናቱ ታማበታለች!" እላለሁ። እየሳቁ ነበር። ከዚያ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ፣ አንድ በአንድ ጠፋ።

ዞር አልኩ። ሴትየዋ ቆማለች። በአንድ እጇ የላስቲክ ቦርሳዋን፣ በሌላው የእኔን ቡናማ ሻንጣ ይዛለች።

ጋቢው ግንባሬ ላይ እንዳለ ነው። እጄ በርጩማው ላይ እንደተዘረጋ ነው።

ሻንጣውን እግሬ አጠገብ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ነገር ያለበት ይመስል።

"ወንድሜ፣ ዕቃህን ረስተሃል" አለች። ሄደች።

ጋቢውን ከራሴ ላይ ለመፍታት ጊዜ ፈጀብኝ፣ ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ማንም አልቀለደም። ጋሼ ወደ መርፌያቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ሥራ ፈትቼ ቤት ገባሁ። እናቴ ከሰዓት በኋላ መጥታ እሳት ልታያይዝ ካርቶን ፈልጋ ሻንጣዬን ከፈተች።

"ይሄ ምንድነው?"

ከጫማ ካርቶኖቹ መሀል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ እሽግ ቴምር።

እንግዲህ ሻንጣውን ከወንበሩ ሥር ስትገፋው ቀለላት። ይሄ ሰውዬ ወደ ታመመች እናቱ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው አለች። አፍሮ ነው ባዶ ሻንጣ የያዘው አለች። ለአባቷ ከያዘችው ቀንሳ፣ ሳላይ፣ አስገባችልኝ። ይሄን ያደረገችው እኔ ሻይ ጠጥቼ ስስቅ ነው። ሻንጣውን ስትመልስልኝ፣ ያን ሁሉ ካየች በኋላ፣ መልሳ ማውጣት ትችል ነበር።

"አንዲት ሴት ለአንቺ ሰጠችኝ" አልኳት እናቴን።

"ለእኔ? ታውቀኛለች?"

"አታውቅሽም። አባቷ ታሞባት ወደ ኮምቦልቻ የምትሄድ ሴት ናት።"

"አንተ! ለበሽተኛ የተያዘ ስንቅ እኔ ጤነኛዋ ምን አድርጌ ነው የምበላው?"

እናቴ ስኳሩን በሁለት እጇ አነሳችው። "እመቤቴ አባቷን ትማርላት" አለችና መደርደሪያው ላይ አኖረችው።

በማግስቱ ንጋት ላይ በሩ ሲከፈት ከፊት ቆሜ ነበር። የአውቶቡስ ተራን በር አከፋፈት ያየ ያውቀዋል፤ ዘበኛው ብረቱን ሲስበው ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው የሚገባው፣ ጫማው የሚቀር አለ። ሮጥኩ። ክርን ቀመስኩ። መጀመሪያ በሚወጣው የኮምቦልቻ አውቶቡስ፣ ከሹፌሩ ኋላ፣ መስኮት አጠገብ ቦታ ይዤ ጋቢዬን ዘረጋሁ።

"ወንድም፣ ሰው አለው?" አለኝ አንዱ።

"ሰው አለው።"

ሌላው መጣ። "ሰው አለው።" አንድ ወፍራም ሰውዬ "የታለ ሰውየው?" ብሎ ሊቀመጥ ሲል ደረቴን ሰጠሁት። "ሰው አለው ስልህ!" ያቺን ቃል ያለ ውሸት ስናገራት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው እብድ መስዬው ሄደ።

መጣች። ከበሩ ላይ አየችኝና ቆመች። ጋቢዬን አነሳሁ። "ቦታሽ ነው።"

ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

"አንተም ትሄዳለህ?"

"አልሄድም።"

"አውቃለሁ" አለች።

"አባትሽ እንዴት..."

"ትናንት ከቀትር በኋላ ሞተ። ማታ ስልክ ቤት ሄጄ ነው የሰማሁት።" ወደ መስኮቱ ዞረች። "እመጣለሁ ብዬ ነበር፣ እስከ መግሪብ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀበሩት።"

"ስኳሩን..." አልኩ። "አምጥቼዋለሁ። ስኳሩንም ቴምሩንም።" ከጋቢው ሥር አወጣሁት። እናቴ ሳታይ ከመደርደሪያው ያነሳሁት ነው።

አልተቀበለችኝም። አየችኝ። "እናት አለችህ? እሱስ እውነት ነው?"

"አለችኝ።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከልቧ ነው ያለችው። እኔን ለማሳፈር ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር።

አውቶቡሱ በሰዓቱ ሞልቶ ወጣ። እኔ በሩ ጋ ስኳር ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ጋሼ ጃንጥላቸውን እየተከሉ ነበር። ወደሳቸው ሄጄ ልነግራቸው ፈለግኩ፤ እሳቸው ግን አልጠየቁኝም፣ የሚቀመጡባትን ሣጥን ብቻ ገፋ አደረጉልኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ያኛው አውቶቡስ፣ ባትሪው ሞቷል ያልኩት፣ ከኮምቦልቻ ተመለሰ። ረዳቱን "ባለፈው ስንት ሰዓት ገባችሁ?" አልኩት።

"አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ምነው?"

መግሪብ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማወቅ አልነበረብኝም፣ ግን አወቅኩ።

አሟሟቂነቱን ተውኩ። ጽድቅ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡስ ውስጥ ስቀመጥ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፣ ላብ የሚያጠምቀው መንገደኛ ደግሞ ሰው ያባርራል። ዱባይ ተራ ጫማ መሸጥ ገባሁ፣ ካርቶኖቹ አሁን ጫማ አላቸው። ጋሼ የሰፈራችንን ባቡር ሳያዩ አረፉ። ቢያዩት ኪሳቸው ውስጥ ሰዓታቸውን ይዘው ጠዋት ማታ ይቆሙበት ነበር።

ሴትየዋን የሸኘሁ ዕለት ጠዋት ስኳሩን ይዤ ቤት ስመለስ እናቴ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ግራ ገብቷት ነበር። "ልመልስላት ሄጄ ነበር፣ እምቢ አለች" አልኳት። ለአንድ ቀን ይሄን ያህል እውነት በቃኝ መሰለኝ።

"አባቷስ? ደረሰችለት?"

"ደረሰችለት።"

"ተሻለው?"

"ተሻለው።"

እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። በዚያ ስኳር ሻይ አፈላች፣ ለጎረቤት ሁሉ ታሪኩን ተናገረች፣ ቴምሩን አንድ አንድ አደለች። እኔም ደረሰኝ፣ በላሁት። ከዚያ ወዲያ በየጊዜው "ያ የኮምቦልቻው ሰውዬ እንዴት ነው?" ትለኛለች። ወይ ከመንገደኛ ሰማሁ እላለሁ፣ ወይ ሰላምታ ልኳል እላለሁ። ጤነኛዋን ሴትዮ ሳሳምም ኖሬ፣ የሞተውን ሰው ደግሞ ሃያ ዓመት ግድም በሕይወት አቆየሁት። አንድ ክረምት ትንሽ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ዳነ። አንድ ጊዜ የልጅ ልጅ ዳረ።

እናቴ በእውነት ስትታመም፣ ጉበቷን ነው፣ ስትሞት እጇን ይዤ አጠገቧ ነበርኩ። የምሄድበት መንገድ አልነበረብኝም፣ እስክደርስ መጠበቅ ያስፈለገው ሰውም አልነበረም። ከመሞቷ ሁለት ቀን በፊት ዓይኗን ገልጣ "ያ ሰውዬስ?" አለችኝ።

"ደህና ነው" አልኳት። "ሰላም ብሎሻል።"